ክርክር፦ የኤቭበሪው ሕፃን አጽም ወደ አፈር ይመለስ?

በእንግሊዝ አገር፣ በኤቭበሪው የአሌክሳንደር ኪለር ሙዚየም፣ «ቻርሊ» የሚሉት የ3 ዓመት ገደማ ሕፃን አጽም አለ። የጥንት ቅርስ ቆፋሪው ኪለር በ1929 ዊንድሚል ሂል ከተባለው ኮረብታ ጥንታዊ ቦይ ቆፍሮ ያወጣው ነው፤ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2006 አንድ የድሩይዶች (የጥንቷን ብሪታንያ ካህናት እምነት እንከተላለን የሚሉ ሰዎች) ማኅበር «መልሱና ቅበሩት» ብሎ አመለከተ። ቅርስ ጠባቂዎቹ ድርጅቶች ኢንግሊሽ ሄሪቴጅና ናሽናል ትረስት በ2010 «አንቀብርም» አሉ። ዊካውያንን (የዘመናዊ ጥንቆላ ሃይማኖት የዊካ ተከታዮችን) ጨምሮ የጥንቱን እምነት እናድሳለን የሚሉት ወገኖች ግን ዛሬም በነገሩ ተከፋፍለዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይቆይ ባይ፦

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። ያመለከቱት ድሩይዶች እንጂ ዊካውያን አይደሉም። ብዙ ዊካውያን ነፍስ ከሞት በኋላ ጥቂት አርፋ እንደገና በሥጋ ትወለዳለች ይላሉ፤ አጽም ለእነሱ ወልቆ የተጣለ ልብስ ነው። መልሶ መቅበርን የሚቃወም የፔገኖች፣ ማለትም የእነዚሁ የጥንት እምነት አዳሾች ቡድን አለ፤ ያቋቋመውም የዊካ ሰው ነው። ሰው የሚታወሰው ሲታይ ነው፣ የተቀበረ ይረሳል ባዮች ናቸው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ዊካን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር የተባለ ጡረተኛ የጉምሩክ ሠራተኛ በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። የትናንት ጎረቤት ተነሥቶ የቅድመ አያት ርስት ሲጠይቅ ምን ይባላል? የብሪታንያ መንግሥት በ2005 ለሙዚየሞች ያወጣው መመሪያ ከ500 ዓመት በላይ በሆነው አጽም ላይ እጅግ የቀረበና ያልተቋረጠ ትስስር ያላሳየ ጠያቂ ጥያቄው የመታየት ዕድሉ እንኳ ጠባብ ነው ይላል። ትክክል ነው።

ሦስተኛ፣ አጥንት ይናገራል። ስቶንሄንጅ በተባለው ጥንታዊ የድንጋይ ክበብ በተቀበሩ፣ አስከሬናቸው በተቃጠለ ሰዎች አጥንት ላይ የተሠራው የስትሮንቲየም ምርመራ (ሰው የኖረበትን አካባቢ ከአጥንቱ የሚለይ) በ2018 ታትሟል። ከተመረመሩት 25 ሰዎች 10ሩ የመጨረሻ ዓመቶቻቸውን በዚያ ነጭ ኖራ አገር አልኖሩም፤ ምናልባትም ከምዕራብ ዌልስ የመጡ ናቸው። አፈር ውስጥ ቢሆኑ ይህን ማን ያውቅ ነበር? የተቀበረ አጥንት ለዕውቀት የጠፋ አጥንት ነው።

ይቀበር ባይ፦

«የተቀበረ አጥንት ለዕውቀት የጠፋ አጥንት ነው።» ደግመው ያንብቡት እስቲ። እነዚያ የስቶንሄንጅ አጥንቶች ከየት የመጡ መሰልዎት? ዊልያም ሃውሊ በ1920ዎቹ ቆፍሮ አወጣቸው፤ የሚረከብ ሙዚየም ጠፋ። በ1935 ኒዋልና ያንግ በጆንያ አድርገው፣ የእርሳስ ሰሌዳ ጨምረው፣ ኦብሪ 7 በተባለው ጉድጓድ መልሰው ቀበሯቸው። በ2008 ወጡ፣ በ2018 የሚመኩበት ጥናት ታተመ። 73 ዓመት ከመሬት በታች! በ1935 ሬዲዮካርቦን የሚባል የዕድሜ መለኪያ አልነበረም፤ የተቃጠለ አጥንትን ዕድሜ መለካት ደግሞ ከዚያም በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው። ለዕውቀት ያቆየልዎ መቃብሩ ነው።

ሌላም አለ። የ2008ቱ ፈቃድ አጥንቶቹ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀበሩ ያዝዝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ እስከ 2015 ተራዘመ። አርተር ፔንድራገን የተባለው ድሩይድ ይቀበሩ ብሎ በ2011 ፍርድ ቤት ሄዶ ተረታ። ፈርመው የገቡበትን ቃል የሚያስረዝሙ ሰዎች ስለ «ያልተቋረጠ ትስስር» ሊያስተምሩን ይፈልጋሉ።

ይቆይ ባይ፦

የ1935ቱን ቀብር ካነሡ አይቀር እስከ መጨረሻው እንሂድ። ሲከፈት የተገኘው ወደ 50,000 የሚጠጋ ስባሪ ነው፤ የአንዱ ጉልበት ከሌላው መንጋጋ ተደባልቋል። በጆንያ ተገልብጧላ! ሰው ለመቁጠር ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ የሚገኝ አጥንት መፈለግ ግድ ሆነ፤ ለስትሮንቲየሙ የተመረጠው የራስ ቅል የኋላ አጥንት ነው። 25 የተባለው እሱ ተለቅሞ ነው። ሃውሊ እያንዳንዱን ያገኘው ለብቻው ነበር፤ ያን ልዩነት ማንም አይመልሰውም። ጠፋ ያልሁት ይህንን ነው።

ቻርሊንስ የት ሊቀብሩት ነው? ዊንድሚል ሂል በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ አካፋ አይነካውም። አዲስ ጉድጓድ ያልተነካውን የቦዩን ደለል ይቆርጣል። ከ80 ዓመት በላይ በቤት ውስጥ የደረቀ አጥንት ደግሞ እርጥብ ኖራ ውስጥ ሲገባ ይሰነጣጠቃል። ቦታው ከታወቀም ሌባ አለ። «አፈሩ ይቅለለው» ማለትማ ቀላል ነው። ደግሞስ በየትኛው ሥርዓት? የዚያን ዘመን ጸሎት የሰማ የለም፤ ጠንቋዮቹ ዛሬ የሚደርሱትን ይደግሙበታል እንጂ።

ይቀበር ባይ፦

«ጠንቋዮቹ»። በእኛ ቋንቋ ስድብ መሆኑን አጥተውት አይደለም። እነሱ ለራሳቸው በእንግሊዝኛ የመረጡትን ስም እርስዎ በአማርኛ መርዝ ነክረው መልሰው ወረወሩት። ይሁን፣ ክርክር ሲያልቅበት ወደ ስድብ የሄደ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

ጥፋቱ የጆንያው ነው፣ የአፈሩ አይደለም፤ አሁን ራስዎ ነገሩን። መፍትሔው ያውልዎ። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ሣጥን ይግባ። ወረቀት ይበሰብሳልና ቁጥሩ በእርሳስ ወይም በሸክላ ላይ ይቀረጽ። እርጥበት የሚያፍን ፕላስቲክ አይግባ። አሲድ ያለው አፈር አጥንት ይበላል፣ ኖራ ያቆያል፤ ስለዚህ ቦታ ይመረጥ። አስቀድሞም 1 ግራም ገደማ ናሙና ይወሰድ።

ይህም አይሆንም ካሉ ባርተን አፖን ሐምበርን ይመልከቱ። በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቁፋሮ የወጡ ከ2,700 በላይ ሰዎች አጽም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተዘጋጀ ክፍል ተመልሷል፤ ተመራማሪም ይገባበታል። ለክርስቲያን አጽም ክብርም ምርምርም አብሮ ሲሄድ ለሕፃኑ ለምን ይከለከላል?

«ከ1954 የመጣ ጎረቤት» ስላሉትም አንድ ልበል። ልዑል አለማየሁ በ1879 ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ስም አለው፣ ዘር አለው፣ አገር አለው። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት «በዙሪያው ያረፉትን ሳንረብሽ ማውጣት አይቻልም» አለ። ለራሳቸው ሙታን እረፍት ይህን ያህል ይሳሳሉ፤ ቻርሊ ግን በመስታወት ውስጥ ይታያል።

ይቆይ ባይ፦

አለማየሁን እዚህ ማምጣትዎ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ስምና ዘር ያለው ጠያቂ አለው፤ እኔም መለኪያው ይህ ነው እያልሁ ነው። ደግሞ አጽም ማንሣት በራሱ ነውር አይደለም፤ ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም በዓል አይደል?

የባርተኑ ክፍል ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ባርተን ውስጥ የተቀበሩት የዚያው ደብር ሰዎች ናቸው፣ ጠባቂያቸውም ያው ቤተ ክርስቲያን። ለኤቭበሪ ግን ለድሩይዱ፣ ለዊካው፣ ከዊካውም ለ«ይቀበር» ባዩና ለ«ይቆይ» ባዩ ስንት ክፍል ሊሠሩ ነው?

ይቀበር ባይ፦

ስምና ዘር ኖሮትም አለማየሁ አልመጣም። መለኪያ የሚሉት ነገር ተሟልቶ ካልሠራ መለኪያ አይባልም። ጻድቁን ያፈለሱትም ወደ ክብር ወሰዷቸው እንጂ መሳቢያ ውስጥ ከትተው ቁጥር አልለጠፉባቸውም።

አንድ ክፍል ይበቃል። መስታወቱ ይነሣ፣ መጋረጃ ይግባ፣ ሻማ ማብራት የሚፈልግ ያብራ።

ይቆይ ባይ፦

ከእሳት ጋር? ደረቅ አጥንትና አሮጌ ሙጫ አጠገብ? አበባ ያስቀምጡ። ያም ቢሆን ቁልፉ በሙዚየሙ እጅ ይሆናል።

ይቀበር ባይ፦

ከ1929 ጀምሮ በማን እጅ ነበር?