በስንት ገባች?

ባሕር ዳር ውስጥ መኪና የለወጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይወቀሳል። የገዛ ብቻ ቢሆን «ተወዶብሃል» ተብሎ ይተዋል፤ የሸጠ ብቻ ቢሆን «በነጻ ሰጠሃት» ተብሎ ይታለፋል። አሮጌዋን አስረክቦ፣ ልዩነቱን ከፍሎ አዲስ የወሰደ ግን በአንድ ጀንበር አስወድዶ ገዢም አርክሶ ሻጭም ሆኖ ያድራል።

አሮጌዋን ቶዮታ ዲኤክሴን አስረክቤ በኤሌክትሪኳ መኪና ስመለስ አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንኳ በሰላም አልተሻገርኩም። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል። በግንቦት 2016 ሲመረቅ ስፋቱ ያስደሰተኝ ሰው ነበርኩ፤ ለካ ስፋቱ ባለባጃጅ ከጎን ተሰልፎ፣ አንገቱን አውጥቶ «በስንት ገባች?» እንዲል ኖሯል። ነገርኩት። «ተበላህ!» ብሎኝ ተፈተለከ። ከኋላው የተሳፈሩት እናት ሳይቀሩ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

የማይገባኝ የምክሩ ሰዓት ነው። ሊብሬው በስሜ ከመዞሩ በፊት አንድም አማካሪ አልነበረኝም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያለው ሰው ሰፈሬን ሳያውቀው አልቀረም። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ግን ለውሻው እፈርድለታለሁ። ጅቡ ሲመጣ ዝም ያለው ነፍሱን ፈርቶ ነው። የሰፈሬ ሰዎችስ ምን ፈርተው ዝም አሉ? «አበድሩኝ ይለናል» ብለው እንጂ!

የሚጠቅሱት ዋጋ ደግሞ! አንዱ «ወንድሜ በዚህ ገንዘብ ሁለት ገዝቷል» ይላል። መቼ ሲሉት፣ ከሐምሌ 2016 በፊት፣ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ሳይጀምር። ሌላው «ቪትዝ አይሻልህም ነበር?» ይላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ የተከለከለው በዚያው ዓመት መሆኑን፣ አገር ውስጥ የቀረው ቪትዝም እንደ ከተማ ቦታ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ መሄዱን ዘንግቶታል። «መብራት ሲጠፋስ?» ብሎ የሚያፋጥጠኝማ ማደያ ሰልፍ ላይ አድሮ የመጣ ሰው ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ጎረቤቴ ነው። «ጎማ ልቀይርበት» ብሎ ክሪኬን ሲወስድ ልጁ ገና አልተወለደም ነበር። ልጁ ዛሬ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ክሪኩ አልተመለሰም። ዲኤክሷን የተረከበው ነጋዴ የኋላ ኮፈኗን ከፈተ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ ስኮርታ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ክሪኩስ?» አለ። ዝም አልኩ። ካልኩሌተሩን አውጥቶ ቀነሰ። ያን ዕለት ማታ ታዲያ ባለክሪኩ ጎረቤቴ አጥሬ ላይ ተደግፎ «ወንድሜ፣ አርክሰህ ሰጠሃት» ብሎ አዘነልኝ! ሌባ አልለውም፤ ሌባ ዋጋ አይጠይቅም።

ወዴት ነበርኩ? አዎ፣ ዋጋ። መላ አግኝቼ ነበር፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግማሹን ቀንሼ መናገር ጀመርኩ። ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ «ተበላህ» የሚል ጠፋ። ሰላሜ ገና ሳይጠና ጎረቤቴ አማቹን አስከትሎ መጣ። በዚያው ዋጋ ሁለት መኪና እንዳስመጣላቸው ነው፤ ቀብዱን በፌስታል ቋጥረው ይዘዋል። እውነተኛውን ዋጋ ብነግራቸው አማቹ ተኮሳተሩ። «ለራሱ በርካሽ አግኝቶ ለሰው ሲሆን ያስወድዳል» እያሉ ሄዱ።

ክሪኩን አሁንም አላመጣም።