ገና ነው፣ ይይዛል

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው የማያወራው ነገር የለም። ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራል፣ ስለ ቦሎ ያወራል፣ ስለ ጎማ ዋጋ እያለቀሰ ያወራል። ስለ ፍሬን ሸራ ግን ትንፍሽ አይልም። ሸራው ራሱ አፍ አውጥቶ እስኪጮህ ድረስ።

መጮሁ የምር ነው። የብዙ መኪና ሸራ ላይ አንዲት ቀጭን ብረት አለች። ሸራው ተበልቶ ሲሳሳ ዲስኩን (ሸራው ጨብጦ የሚያቆመውን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) እየነካች «ሲጥጥጥ» ትላለች። የተፈጠረችው ለማሳበቅ ነው። የነደፋት መሐንዲስ፣ ባለመኪናው ድምፁን እንደሰማ ጋራዥ ይሮጣል ብሎ አስቦ ነበር። ምስኪን፣ እኛን አያውቀንም። የኛ ሰው ድምፁን እንደሰማ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል።

ከዚያ ምርመራ ይጀመራል፤ ቡና ላይ። ቡና ላይ ሁሉም መካኒክ ነው። አንዱ «አቧራ ነው፣ እጠበው» ይላል። ሌላው «ክረምት ሲገባ ሁሉም ይጮኻል» ይላል። (ይሄኛው ትንሽ እውነት አለው። ዝናብ ያደረበት መኪና ጠዋት ጮኾ ጮኾ ዝም ሊል ይችላል። ቀኑን ሙሉ የሚጮኸውን ግን በዝናብ ማሳበብ አይቻልም።) በመጨረሻ መኪና የሌለው ሰውዬ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ይይዛል አይደል? ከያዘ ምን አስጨነቀህ!»

ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሸራ እስኪያልቅ ድረስ ይይዛል። አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ 3 ሲቀረው ቀይሩት ይባላል። በ3 ይይዛል። በ2ም ይይዛል። አልቆም የጀርባው ብረት ከዲስኩ ጋር እየተፋጨ ለጊዜው ይይዛል። ያን ጊዜ ግን ዲስኩም አብሮ እየተበላ ነው፣ ሂሳቡን ሶማሌ ተራ ስትደርስ ትሰማዋለህ። እዚያ ደግሞ ዕቃ የሚጠራው በአገሩ ነው። «ጃፓን አለ፣ ቻይና አለ፣ ጃፓን የሚመስል ቻይናም አለ» ይልሃል ሻጩ። ቢያንስ ሐቀኛ ነው።

«ሸራ ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?» ይላል ሰው። 30,000 ሊሄድ ይችላል፣ 70,000ም ሊሄድ ይችላል። የሚወስነው የነጂው እግር ነው። እግሩን የሚያዘው ደግሞ እልህ ነው።

ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚሄደውን ሰው እዩት። ፊት ለፊቱ ቀይ በርቷል፣ መኪኖች ቆመዋል። እሱም አይቷል። እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ቀስ ብሎ ቢደርስ ምንም አይቀርበትም። ግን ክፍተት ተወ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ክፍተት የተወ አለቀለት። መጀመሪያ ሚኒባስ ይገባበታል። ቀጥሎ የሚኒባሱ ተከታይ ይገባበታል። ከኋላ ክላክስ ያስጮኹበታል። ጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ «ምነው ፈዘዝክ?» ትለዋለች። ስለዚህ ነዳጁን ይረግጠዋል፣ ይበራል፣ ከዚያ በፍሬን ቀጥ! ቀድሞ ቆመ። ቀድሞ በመቆሙ ያተረፈውን እስካሁን የነገረን የለም። ሂሳቡን የሚከፍለው የፊት ሸራ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ትልቁ ሥራ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ቁልቁለቱስ? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን ስንመለስ ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ ከፍሬን ላይ እግር አይነሳም። አንዳንዱማ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ዜሮ ማርሽ አድርጎ ይወርዳል። በሁለተኛ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ይይዝለት ነበር። አባይ በረሃን የሚወርዱ የጭነት ሾፌሮች ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ በትንሽ ማርሽ እያጉረመረሙ የሚወርዱት መሄድ አቅቷቸው አይደለም። የኛው ሰው ግን ሁሉን ለሸራው ጥሎበት ይንደረደራል። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል። «የምን ሽታ ነው?» ይላሉ ከኋላ የተቀመጡት።

«የባሕር ዛፍ ነው።»

የብር ችግር እንዳይመስላችሁ። ይኸው መኪና አዲስ የወንበር ልብስ አለው። መሪው ቆዳ ለብሷል። በየሳምንቱ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ሰው የሚያየው ነው። ሸራ ጎማ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ማን ያየዋል?

ጡረተኛው ጎረቤቴ ጩኸቱ ሲብስባቸው ኮሮላቸውን ይዘው ጋራዥ ሄዱ። እኔም ተከተልኩ። መካኒኩ ጎማውን ፈታና የውስጠኛውን ሸራ አውጥቶ በሁለት ጣቱ ያዘው። ብረቱ ያብለጨልጫል። ቀጥሎ የውጪኛውን አወጣ። እሱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ተርፏል። ጋሼ ዓይናቸው እዚያች ጥቁር ላይ ተተከለ።

«ይሄ ገና ነው። ያለቀውን ብቻ ቀይርልኝ።»

«ጋሼ፣ በጥንድ ነው የሚቀየረው። የቀኙም የግራውም አንድ ላይ።»

«የቀኙ መቼ ጮኸ?»

«አንዱ ጎን አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲይዙ ወደ ጎን ይጎትትዎታል።»

«እንግዲያው የግራውን ዛሬ፣ የቀኙን ለመስቀል።»

መካኒኩ ይህን ክርክር ስንቴ እንደሰማው እንጃ። መልስ ሳይሰጥ የቀኙን ጎማ መፍታት ጀመረ።

ጋሼ የፍሬን ዘይቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እየሞሉ ነው የከረሙት። ሸራ ሲሳሳ፣ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጪ ስለሚወጣ ዘይቱ ይወርዳል፤ ያም አንድ ምልክት ነበር። መካኒኩ አዲሱን ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ውስጥ ሲገፋው፣ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ገንፍሎ ፈሰሰ።

«ይህን ማን ሞላው?»

«ልጁ ነው» አሉ ጋሼ። ልጁ ካናዳ ነው ያለው።

አጠገባችን ወረፋ የሚጠብቅ ባለ ኤሌክትሪክ መኪና ይስቃል። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ ሰዎች አንገታቸው ቀና ብሏል። «የኔ እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪ ይሞላል። ሸራ የሚባል ነገር አላውቅም» አለን። ያውቀዋል፣ ይዘገይበታል እንጂ። ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ ስንለው፣ ጎማ አልቆበት ነው። ባትሪው ከባድ ነው።

መካኒኩ ሲጨርስ መከራቸው። «ለመጀመሪያ ጥቂት ቀን በኃይል አይርገጡት፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር ይላመድ። ዘይት በቀየሩ ቁጥር ደግሞ ያሳዩኝ። ሳልፈታም በጎማው ቀዳዳ አያለሁ።»

«ማየቱ ስንት ነው?»

«በነፃ ነው፣ ጋሼ።»

መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ። ፍሬኑ አይጮህም፣ ልስልስ ብሎ ይይዛል። ወሎ ሰፈር ላይ መብራት ሲይዘን ወደኔ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ በነፃ የሚያይልኝ፣ ምን አይቶብኝ ነው?»