እኔ እንኳን የማንም ደጋፊ አይደለሁም

ዛሬ ላመሰግን የመጣሁት ገለልተኛውን ሰው ነው። ታውቁታላችሁ። የምርጫ ሰሞን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል። ወንበር ይስባል፣ ቡናውን ፉት ይላል፣ ከዚያ ያቺን ነገር ይለቃታል፦ «እኔ እንኳን የማንም ደጋፊ አይደለሁም፤ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

እኔ ጥበቡን ጠግቤ ያየሁት ለንደን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015። ምርጫው ሜይ 7 ነበር (የፈረንጁን ነው የምላችሁ፣ ሌላ ነገር እንዳታስቡ)። የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ መሪ የጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን መንግሥት አምስት ዓመት ሙሉ ወጪ ሲቆርጥ ከርሟል። አገሩ ሁሉ የሚከራከረው ቅነሳው በዛ ወይስ አነሰ እያለ ነው። እኛም ሐበሾቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ ተሰብስበን የእንግሊዝን በጀት እናስተካክል ነበር። ደግነት ነው እንግዲህ፣ ማንም አልጠየቀንም።

የእኛ ገለልተኛ ኢኮኖሚክሱን የተማረው ከዕቁብ ነው። «አገር ማለት ቤት ማለት ነው፤ ከገቢህ በላይ ካወጣህ ትከስራለህ፣ አለቀ» ይላል። አንድ ተማሪ ልጅ «ጋሼ፣ ቤት ግን ብር ያትማል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ገለልተኛው ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና «አንተ የሌበር ነህ» አለው፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ነህ ማለቱ ነው። ክርክሩ እዚያው ተዘጋ። ልጁ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ በዓመት 9,000 ፓውንድ ለዩኒቨርሲቲ ይከፍል ነበር። ክፍያውን እዚያ ያደረሰውም ያው መንግሥት ነው። የእኛ ሰው ግን በነፃ ያስተምራል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ገለልተኛው አንድ ብቻ አልነበረም። ከፊት ለፊቱ የሚቀመጥ ሌላ ገለልተኛ ነበረን። እሱም የማንም ደጋፊ አይደለም፤ ግን የሌበሩን መሪ የኤድ ሚሊባንድን ስም ሲያነሳ ድምፁ ይለሰልሳል።

ሁለቱ ሲገጥሙ ማየት ነበር። አንደኛው «ካሜሮን ጉድለቱን በግማሽ ቀነሰው!» ይላል። ሌላኛው «ዕዳውን ከ1 ትሪሊዮን ወደ 1.5 ትሪሊዮን ፓውንድ አደረሰው!» ይላል። አንዱ አንዱን ውሸታም ይላል። የሚያስቀው፣ ጉድለቱን ከአገሩ ኢኮኖሚ ጋር ካነጻጸርከው ሁለቱም ልክ ናቸው። ጉድለት ማለት በዓመቱ የጎደለው ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የተጠራቀመው። አምና አሥር ብር ተበድረህ ዘንድሮ አምስት ብትበደር፣ ብድርህን ቀንሰሃል፣ ዕዳህ ግን አሥራ አምስት ደርሷል። ይህን አንድ ቀን ተሳስቼ ተናገርኩ። ሁለቱም ጭቅጭቃቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። «ቆይ፣ አንተ ከማን ጋር ነህ?»

ለካስ ከሁለቱም ጋር አለመሆን ነው ወገንተኝነት።

የገለልተኛው ሰው ትልቁ ስጦታ ግን ምርጫ... ማለቴ ማስረጃ ላይ ነው። 103 የንግድ ሰዎች ካሜሮንን ደግፈው በጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ፈረሙ። «አያችሁ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው መሰከረ» አለ። በዚያው ሰሞን ኢኮኖሚስቶች ተጠይቀው፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የወጪ ቅነሳው ኢኮኖሚውን ጠቅሟል በሚለው አልተስማሙም። «ፕሮፌሰር ሁሉ ግራ ነው» አለ፣ ስኳሩን እያማሰለ።

በኤፕሪል 2013 አንድ ትርፍ መኝታ ክፍል ያለው የመንግሥት ቤት ተከራይ ከቤት ድጎማው 14 ከመቶ ተቆረጠበት። በዚያው ወር የትልልቅ ገቢ ግብር ከ50 ወደ 45 ከመቶ ወረደ። አንደኛው ገለልተኛ የመጀመሪያውን ሰምቶ አያውቅም። ሁለተኛው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚያወራው።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የምግብ እርዳታው ነገር ነው። ትረስል ትረስት የሚባለው ድርጅት በአንድ ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ የሦስት ቀን የምግብ እርዳታ ሰጠሁ ብሎ አወጣ። ጋዜጦቹ «ሚሊዮን ሰው» ብለው ጻፉ። እውነትም ስህተት ነበር፤ የተቆጠረው ሰው ሳይሆን እርዳታው የተሰጠበት ጊዜ ነው፣ ተመላልሶ የመጣ በየመጣበት ተቆጥሯል። ገለልተኛው እንዴት ያለ ደስታ ተደሰተ! ቀኑን ሙሉ «ሚሊዮን አይደለም፣ ሚሊዮን አይደለም» ሲል ዋለ። በእሱ ሒሳብ አንድ ሰው ሦስቴ ቢራብ አንድ ረሃብ ነው። ቁጥሩን በማረም የዚያን ያህል ሰው ማጥገብ የሚችል ሌላ ሰው አላየሁም።

ስለ ቢቢሲማ ሁለቱም ይስማሙ ነበር። አንደኛው የግራዎች ጣቢያ ነው ይላል፣ ሁለተኛው የመንግሥት አፍ ነው ይላል፤ ብቻ አድሏዊነቱ ላይ አንድ ናቸው። በዚህ ረገድ መምህራቸው ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ይል የነበረው የዩኪፕ ፓርቲ መሪ ናይጄል ፋራጅ ሳይሆን አይቀርም። ኤፕሪል 16 በተደረገው ክርክር ላይ አዳራሹ አላጨበጨበለትም። ሌላው ፖለቲከኛ ቢሆን ጋዜጠኛውን ይከስ ነበር። እሱ ተመልካቹን ከሰሰ! ግራ ናችሁ አላቸው። አወያዩ ዴቪድ ዲምብልቢ ሰዎቹን ሚዛን ጠብቆ የመረጣቸው ገለልተኛ የጥናት ድርጅት ነው ብሎ ማስረዳት ነበረበት። የእኛዎቹ ይህን አይተው ብዙ ተማሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር ወገንተኛ ተባለች፤ ለአንደኛው መጀመሪያ ስለቀዳች።

ሜይ 7 ማታ አራት ሰዓት ላይ ከምርጫ ጣቢያ የወጡ ሰዎችን የጠየቀው ጥናት ተነገረ። ሁሉም ማንም አብላጫ አያገኝም ሲል ነው የከረመው። ጥናቱ ግን ወግ አጥባቂዎቹ በሰፊው ይመራሉ፣ 57 ወንበር የነበራቸው ሊበራል ዲሞክራቶች 10 ይቀራቸዋል አለ። የፓርቲው የቀድሞ መሪ ፓዲ አሽዳውን በቴሌቪዥን ቀርበው ይህ እውነት ከሆነ በአደባባይ ባርኔጣዬን እበላለሁ አሉ። ሲነጋ 10ም አልሞላም፣ 8 ሆነ። በኋላ ለሰውየው በቸኮሌት የተሠራ ባርኔጣ አቀረቡላቸው።

የእኛ ገለልተኛ ቅዳሜ መጥቶ ወንበሩን ሳበ። «ብያችሁ ነበር» አለ። ሌላኛውም «እኔም ብያለሁ» አለ። ምን እንዳሉ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ባርኔጣ ደግሞ ሁለቱም አያደርጉም።