ልጄም ይነፋዋል

ፍሪ ጃዝ (ሙዚቀኞቹ በነፃነት እየፈጠሩ የሚጫወቱት «ነፃ» ጃዝ) በተከፈተ በ20ኛው ሰከንድ «ኧረ ይሄንንማ ልጄም ይነፋዋል» ለምትሉ የጆሮ ሊቃውንት እድሜና ጤና ይስጥልን! እናንተ ባትኖሩ ስንቱ ሰው እስከ መጨረሻው እያዳመጠ ጊዜውን ባባከነ። «ነፃ» ማለት ከልምምድ ነፃ ማለት መሆኑንም የገለጣችሁልን እናንተው ናችሁ።

ይግባኝ የለንም፤ ልጁ ይምጣ። ቴነር ሳክስፎን አንገቱ ላይ እናንጠልጥልለት፣ ሪዱ (ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚሰጠው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ) በጥንካሬው ቁጥር 3 ይሁን። መጀመሪያ በምራቁ ያርጥበው፤ ደረቅ ሪድ ሲጥ ሲጥ ይላል። የታችኛውን ከንፈሩን ጥርሱ ላይ አጥፎ፣ የላይኛውን ጥርሱን ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ላይ አሳርፎ ዝቅተኛውን ኖታ፣ ቢ ፍላትን፣ ይንፋ። ወጣለት? እሰይ! አሁን ጣቶቹን ሳያነሳ፣ የኦክታቭ ቁልፉንም ሳይነካ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ ቀጥኖ እስኪደገም) ሽቅብ ይውጣ። ቀጥሎ ኤፍ፣ ቀጥሎ ከመነሻው ሁለት ኦክታቭ የራቀው ቢ ፍላት፣ ከዚያ ዲ። ይህን የሚሠሩት ምላስና ጉሮሮ ናቸው፤ ምላስ «ኢ» እንደሚል ሰው ከኋላ ከፍ ይላል። ልጁ ግን መንጋጋውን ጨብጦ ሪዱን ይነክሳል። የተነከሰ ሪድ አይርገበገብም፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይታፈናል፣ ጭራሽም ይጠፋል። ከንፈሩ ከዛለ ይረፍ እንጂ ማጓራቱ ገና ነው፦ እየነፋ በጉሮሮው ሌላ ድምፅ ያዜማል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ያ ሻካራ ድምፅ ይወጣል። ጉሮሮው ዝም ካለ የሚቀረው ተራ ኖታ ነው።

ጩኸቱ የት እንደሚገባ ማወቅ ደግሞ ለእናንተ ዓይነቱ ሊቅ አይመጥንም። አንጋፋው የቴነር ሳክስፎን ተጫዋች ፋሮህ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው «ካርማ» አልበም ላይ ዋናው ሥራ ከ32 ደቂቃ በላይ ስለሆነ የሸክላው አንድ ገጽ አልበቃውም። ቤዙ አንዲት ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፣ ኮርዶቹ ሁለት ሆነው ይወዛወዛሉ፣ ሳክሱ ዜማውን እንደ ጸሎት ያዜመዋል። ሁሉም ከተደላደለ በኋላ ነው የሚጮኸው፤ ዜማውም ተመልሶ ይመጣል። ነፍስን ከፍ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ እልልታም ከደስታው ተነጥሎ ቢሰማ ጩኸት ነው። እናንተ ግን ከመሐል ጩኸቷን ብቻ ቆርጣችሁ ለወዳጅ በመላክ የ32 ደቂቃ ድካም አስቀርታችሁልናል።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ኦርኔት ኮልማንም ዲሴምበር 21 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ «ፍሪ ጃዝ» የተሰኘ አልበሙን ሲቀዳ አንዱን ኳርቴት (የአራት ሰው ቡድን) በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጦ፣ በሶሎዎቹ መካከል አስቀድሞ የተዘጋጁ አጫጭር የኅብረት ዜማዎች አስገብቶ ምን ያህል እንደለፋ! እናንተ ሁለቱን ኳርቴት በአንዲት የስልክ ስፒከር ጨፍልቃችሁ «ትርምስ» አላችሁ፣ አለቀ።

ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ2021 ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ባወጣው አልበም ደግሞ አብዛኛውን በለሆሳስ ነው የነፋው። ይሄማ ይቀላል አይደል? ልጁ ይሞክራት፦ ከማይሰማ ትንፋሽ ተነስቶ አንዲት ኖታ ለ20 ሰከንድ ይያዝ። ትንፋሹ ከሳሳ ሪዱ ዝም ይልና አየር ብቻ ይሾልካል፤ ከበዛ ኖታዋ በድንገት ትፈነዳለች። እስኪጨርስ ትጠብቁታላችሁ? 20 ሰከንድ እኮ ነው።