ማስተካከያ፦ የመጀመሪያው ፊልም ባቡሩ አይደለም

የሲኒማን ታሪክ ለመዘከር ከብዙ ፊልሞች ተቆራርጦ የተቀናበረውን አጭር ቪዲዮ ስናስተዋውቅ፣ መክፈቻው ላይ የሚታየው ባቡር «ለሕዝብ የቀረበ የመጀመሪያው ፊልም» ተብሎ ነበር። አይደለም። ፊልሙን የሠሩት ፈረንሳውያኑ የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ በሚገኘው ግራን ካፌ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ካሳዩአቸው 10 አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ባቡሩ የለም፤ የታየው በ1896 ነው። በዚያ ምሽት ከቀረቡት አንዱ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያሳየው ነው፦ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ረጃጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ይግተለተላሉ፣ በመሀል ውሻ ይሯሯጣል። ባቡሩን ያየ ሰው ደንግጦ ሮጠ የሚባለውንም (ወሬው ቢጥምም) የታሪክ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል።

እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ባለድምፅ» ተብሎ ነበር። ይህም አይደለም። ዘፈንና ጥቂት ንግግር አለው፤ የቀረውን ታሪክ የሚነግረን ስክሪን ላይ በሚወጣ ጽሑፍ ነው።