ሦስት ዓመት የፈጀ ምርጫ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ማኪያቶ ቤት በረንዳ ላይ፣ ሁለት ጓደኞቼ ላለፉት ሦስት ዓመታት የስፖርት ሞተር ሳይክል ሲመርጡ ኖረዋል። አንደኛው የጣሊያኑን ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ4 ካልሆነ ይላል፤ ሁለተኛው ከጃፓኑ ያማሃ አርዋን ወዲያ ሞተር የለም ባይ ነው። ሁለቱም ገንዘብ የላቸውም፤ አንደኛው መንጃ ፈቃድም የለውም። ይህን የማነሣው ላሳጣቸው ፈልጌ ሳይሆን ፍቅራቸው ምን ያህል ከጥቅም የጸዳ እንደሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ መርጦ ይገላገላል፤ ምርጫን እንደ ሙያ ይዞ ዓመታት የሚዘልቅበት የሌለው ሰው ብቻ ነው።

ሰፈሩ የክርስትና ስማቸውን ከረሳ ቆይቷል፤ አንዱ «ጣሊያን»፣ ሌላው «ጃፓን» ተብለው ይጠራሉ። ክፋቱ ጣሊያን የተባለው ጓደኛችን የአርበኛ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። አንድ እሑድ እናቱ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ የሰፈር ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ጣሊያን አለ?» ብሎ ቢጣራ፣ እናቱ የያዙትን ጀበና ማቶቱ ላይ አስቀምጠው ወደ በሩ ወጡና «አባቴ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደል ተንከራተው ያስወጡትን ጣሊያን፣ አንተ ዛሬ ደጄ ላይ ቆመህ አለ ወይ ትለኛለህ?» አሉት። ልጁ ሮጠ። ጓደኛችን አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛውን ቡና ጠጣ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ስለ ዱካቲ መናገሩን ቀጠለ።

በበረንዳችን ሕግ ዋጋ ማንሣት ነውር ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ምንም ሳያስብ «ለመሆኑ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጠረጴዛው ላይ የወረደው ዝምታ ለቅሶ ቤት እንኳ አይገኝም። ዋጋ የሚጠይቅ ለመግዛት ያሰበ ሰው ነው፤ ለመግዛት ማሰብ ደግሞ ምርጫውን ያበላሻል።

የክርክሩ እምብርት ቫልቭ ነው፤ ነዳጅና አየር የሚገባበት፣ ጭስ የሚወጣበት የሞተሩ በር ማለት ነው። በአብዛኛው ሞተር ውስጥ ቫልቩን የሚከፍተው ካምሻፍት የሚባል የሚዞር ዘንግ ሲሆን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ነው። ዱካቲ ግን ፋቢዮ ታልዮኒ የተባለው መሐንዲሱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለውድድር ሞተሮቹ ባበጀው፣ «ዴስሞድሮሚክ» (ባጭሩ «ዴስሞ») በሚባለው አሠራር፣ ቫልቩን ከፍቶ የሚዘጋውም ራሱ ካምሻፍቱ ነው፤ አንዱ ክንድ ይገፋል፣ ሌላው ክንድ ይስባል። ጣሊያን ይህን ሲያስረዳ ማንኪያ፣ ብርጭቆና የስኳር ዕቃ ይጠቀማል። «የጃፓኑ ቫልቭ የባንክ ቤት በር ነው» ይላል ማንኪያውን እየገፋ። «ትገፋዋለህ፣ ስትለቀው በሞላ ተመልሶ ይዘጋል። የዱካቲው ደግሞ የእማዬ በር ነው። ራሷ ትከፍትልሃለች፣ ራሷ ትዘጋብሃለች፤ ለሞላ የምትተወው ነገር የለም!» «ትዘጋብሃለች» የሚለው ላይ ሲደርስ ማንኪያውን ስለሚያስገባው የማኪያቶው አረፋ ዘወትር የጃፓን ሸሚዝ ላይ ያርፋል።

ጃፓን ሸሚዙን በሶፍት እየጠረገ የሚሰጠው መልስ ግን ቀላል አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ 13 ሺህ ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በስልኩ ያሰላና፣ «እስቲ እማማን በሴኮንድ መቶ ጊዜ ከፍተው ይዝጉ በላቸው» ይላል። ለእውነቱ ከሆነ ታልዮኒን ያስጨነቀው ችግር የዘመኑ እውነተኛ ችግር ነበር፤ ያኔ ሞላ ዙሩ ሲበዛበት ካምሻፍቱን መከተል እያቃተው ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሞላው ብረት ስለተሻሻለ ጃፓኖቹም ያለ ዴስሞ የልባቸውን አድርሰዋል። ይህን አንድ ቀን ለማስረዳት ብሞክር ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አንተ ዝም በል፣ ብስክሌት ነው የምትነዳው» አሉኝ።

ዝም ባልኩበት ጊዜ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጃፓን ስለ ጃፓን ሲሟገት «ፍሪሲዮኑ አይንሸራተትም፣ ካምቢዮው አይነክስም፣ ካንዴላው አይቆሽሽም፣ ማርሚታው አይዝግም፣ ፍሬኑ ያዝ ሲሉት ይይዛል» ይላል። ጎማና ቸርኬ፣ ማርሽና ፍሬቻ፣ ታርጋና ቦሎ፣ ያ በአረፋ የተመታለት ሞላ እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም ጣሊያን በየጋራዡ ጥሎልን የሄደው ቃል ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ቀስ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ለጃፓን ጥብቅና የቆምክበት ቃል በሙሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የምትጠጣው ማኪያቶም፣ የተቀመጥክበት ፒያሳም እንዲሁ» አልኩት። ጣሊያን በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበ። ጃፓን ማኪያቶውን አንሥቶ በጥርጣሬ ተመለከተው፤ ለአፍታ አሰበና፣ «የአንድ ዕቃ ስም ለሰው ሁሉ የሚታወቀው ዕቃው ቶሎ ቶሎ ሲፈታ ነው፤ የጃፓን ሞተር ስለማይፈታ የመለዋወጫው ስም አላስፈለገንም» ብሎ መለሰ። ይህችን መልስ አሁንም አደንቃታለሁ።

ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ የታሪክ መምህር የነበሩ ጡረተኛ ጋሼ አሉን። እርሳቸው በሞተር ጉዳይ አይገቡም፤ የዚያን ቀን ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርጎ የተጻፈ መሆኑን አስታወሱንና፣ «ሕገ መንግሥቱን ከጃፓን፣ ፍሬኑን ከጣሊያን ወሰድን» አሉ። ከዚያ ጋዜጣቸውን ገለጡ። ሁለቱም ወገኖች ንግግሩን ለራሳቸው የቆመ አድርገው ተረጎሙት።

የእሽቅድምድሙ ታሪክማ ለሁለቱም በቂ ጥይት ያቀብላል። ጃፓን የሚጀምረው ከቫለንቲኖ ሮሲ ነው። ጣሊያናዊው ሮሲ በትልቁ የሞተር ውድድር ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሆንዳና በያማሃ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በአገሩ ዱካቲ ላይ ተቀምጦ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ውድድር አላሸነፈም። «የገዛ ልጃቸው እንኳ አልቻለበትም!» ይላል ጃፓን፣ ልክ ሮሲ የአጎቱ ልጅ እንደሆነ ሁሉ በቁጭት። ጣሊያን ደግሞ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ይሰማና ማርክ ማርኬዝን ይመዝዛል። ማርኬዝ ብዙውን የውድድር ዕድሜውን ከሆንዳ ጋር አሳልፎ፣ ሆንዳን ትቶ ዱካቲ ላይ ወጣ፤ በ2025ም ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው ጃፓን ውስጥ፣ የሆንዳ ንብረት በሆነው በሞተጊ መወዳደሪያ ላይ ነበር። ይህ ዜና የደረሰን ቀን ጣሊያን የሁላችንንም ሒሳብ ከፈለ። እስከዚያ ድረስ ያደረገው ብቸኛ ከሞተር ጋር የተያያዘ ወጪ ይኸው ነበር።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሁለቱም ብስክሌቴን መናቃቸው ነው። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የሚነዳው ብዙ ነው፤ እኔም የራሴን በረንዳው ምሰሶ ላይ አስደግፌ ነው የምቀመጠው። ዱካቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ቦሎኛ ላይ ሲቋቋም የሬዲዮ ዕቃ አምራች እንጂ ሞተር ሠሪ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ማምረት የጀመረው ብስክሌት ላይ የሚገጠም፣ «ኩቾሎ» ማለትም «ቡችላ» የተባለ ሚጢጢ ሞተር ነበር። ሶይቺሮ ሆንዳም በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ከጦር ሠራዊት ሬዲዮ ጄኔሬተር የተራረፉ ትናንሽ ሞተሮችን እየሰበሰበ ብስክሌት ላይ ሲገጥም ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ጌቶች ከእኔ ብስክሌት ነው የተነሡት። ያማሃ ብቻ ከኦርጋን ነው የመጣው፤ ዛሬም አርማው ላይ ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ተሰቅለዋል። ጣሊያን ይህን ከሰማ ጀምሮ አርዋንን «መዝሙር ቤት» ነው የሚለው።

እንበልና ሞተሩ በተአምር መጣ። ፓኒጋሌው ሲወጣ 214 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከአንደኛ ማርሽ ሳይወጣ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትርን ያልፋል። ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ እንግዲህ ሁለተኛ ማርሽ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። መሐል ላይ ያለ ፍሬቻ የሚታጠፍ ባጃጅ አለ፤ ተሳፋሪ ካየ ባለበት ቀጥ የሚል ሌላ ባጃጅ አለ፤ ዝም ብላ የምትሄድ የአህያ ጋሪ አለች፤ እኔም በብስክሌቴ አለሁ። ቫልቩን ለመፈተሽ ዱካቲው በየ24 ሺህ፣ ያማሃው በየ42 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚከፈተው፤ ሁለቱ በዚህ ልዩነት ላይ አንድ ሙሉ የክረምት ወር ተከራክረዋል። በጓደኞቼ አነዳድ፣ ማለትም ከቤት ማኪያቶ ቤት፣ ከማኪያቶ ቤት ቤት፣ 24 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሞላው የልጅ ልጆቻቸው ዘመን ነው። አንድ የምናከብራቸውን መካኒክ ሄደን ዴስሞ መፍታት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀናቸው ነበር። «አምጡትና እናየዋለን» አሉ። ይህ መልስ በእኛ አገር «አዎ» ም «አይ» ም አይደለም፤ ዕቃው አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ግን «ዕቃው ጠፍቷል፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል» የሚል ትርጉም አለው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ያልታሰበ ነገር ተከሰተ። ለጣሊያን ዕቁብ ወጣለት። ገንዘብ ሲመጣ በረንዳችን ላይ የነበረው ነጻነት እንዴት ድንገት እንደጠፋ ለመግለጽ ይከብደኛል። ጃፓን ጭምር ዐዘነ። ጣሊያን ሁለት ሳምንት ከሰው ተለይቶ ቆየና፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ያገለገለ ቦክሰር ሞተር ላይ ተቀምጦ መጣ። አዎ፣ የሕንዱን ባጃጅ ቦክሰር። በነዳጅ ታንከሩ ላይ ግን ቀይ ስቲከር ለጥፎበታል፤ «ዱካቲ» ይላል።

ጃፓን ለደቂቃ ያህል በሞተሩ ዙሪያ ዞረና ድሉን አወጀ። ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከካዋሳኪ ጋር በሽርክና ሞተር ሳይክል መሥራት እንደጀመረና ቦክሰርም የዚያ ሽርክና ልጅ እንደሆነ ካስረዳ በኋላ፣ «ሦስት ዓመት ሰድበህ ሰድበህ ጃፓን ላይ ተቀመጥክ!» አለው። ጣሊያን ግን ለካስ ሁለቱን ሳምንት ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ይኸው ባጃጅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መግቢያ ሥራውን ሲያጠነክር የሠራው የጣሊያኑን ፒያጆ ቬስፓ በፈቃድ እንደነበረ ተናገረና፣ እጁን ወደ መንገዱ ዘርግቶ፣ ተደርድረው ሰው የሚጠብቁትን ባለሦስት እግር ባጃጆች አሳየን። የእነዚህ ሁሉ ቅድመ አያት ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣት፣ «አፔ» ማለትም «ንብ» የተባለችው ባለሦስት ጎማ ናት። «ከተማው በሙሉ ጣሊያን ተቀምጧል» አለ፣ በኩራት፤ ከዚያ የእናቱ ሰፈር ሰው አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግራና ቀኝ ተመለከተ።

ክርክሩ በዚህ ላይ እንዳለ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ዘምበል ማለቱን ያየሁት እኔ ነበርኩ። የኋላው ጎማ ተንፍሷል። ሦስታችንም እየገፋን ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ወዳለ ጎሚስታ ወሰድነው፤ ብስክሌቴንም በሌላ እጄ ይዣለሁ። ጎሚስታው ጠዋት ቁርሱን በልቶ ያልጨረሰ ወጣት ነው፤ ቀዩን ስቲከር አይቶ፣ ቦክሰሩን አይቶ፣ ከዚያ እኛን አየ። ሁለቱ ጓደኞቼ ጎማው ተፈትቶ እስኪወጣ ድረስ ስለ ሞተሩ የዘር ሐረግ ከግራና ከቀኝ ሲያስረዱት ምንም አልተናገረም። ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ እየነከረ አረፋው የሚወጣበትን ፈልጎ አገኘ፤ ጎማውን በጣቱ ዳበሰና በፒንሳ አንድ ጠማማ ሚስማር ነቅሎ መዳፉ ላይ አስቀመጠልን።

«ይቺ የአገር ውስጥ ናት» አለ።

ቦክሰሩ ከተገዛ አራት ወር ሆኖታል፤ ጣሊያን እስካሁን ሄልሜት አልገዛም። አለመግዛቱ ከቸልተኝነት አይደለም፤ የጣሊያኑ ኤጂቪ ይሻላል ወይስ የጃፓኑ አራይ የሚለው ጉዳይ በረንዳው ላይ ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ነው። ለጊዜው ወንድሙ ከሚሠራበት የግንባታ ቦታ ያመጣለትን ቢጫ ቆብ በሲባጎ አገጩ ሥር አስሮ ይነዳል፤ ጃፓንም ከኋላው ተፈናጦ ስለ አራይ ያስረዳዋል።