መጀመሪያ ጓሮ ወይስ ክሊኒክ?

ጥያቄው አጭር ነው። ከብት ሲታመም ቀድሞ የሚኬደው ወደ ጓሮ ቅጠል ነው ወይስ ወደ ክሊኒክ? ሁለቱም ተከራካሪዎች የጅማ ሰዎች ናቸው። አንዱ በቦዬ ረግረግ በኩል ላም ያረባል፤ ሌላው የእንስሳት ሐኪም ነው። ስለሚተዋወቁ ብዙም አልተፋፈሩም።

ላም አርቢው፦

ዶክተር፣ እኔ በጓሮ ነው የምጀምረው። ለምን እንደሆነ በአንዲት ላም ልንገርህ። ረግረጉ ዳር ውሃ ጠጥታ ገባች። በማግስቱ ከአንዱ አፍንጫዋ ቀጭን ደም ይወርዳል። መኖውን አሸተተችና ተወችው። አፏን ከፍተን ምላሷ ሥር ብናይ ምንም የለም። አለቅቱ ወደ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው። ባለቤቴ ደረቅ ትምባሆ ዘፈዘፈች፣ ጨመቀች፣ በጨርቅ አጠለለች። ጥቂት ጠብታ አፍንጫዋ ውስጥ አደረግን። ላሟ አነጠሰች፣ ራሷን ወዘወዘች። ትንሽ ቆይቶ ጥቁር የሚያሟልጭ ነገር ብቅ አለ። በጨርቅ ይዤ ሳብኩት። ማታ ታለበች። ወጪው ስንት ነው? ዜሮ!

ለሆድ መንፋት ግራዋ አለ፤ ኦሮምኛው ኤቢቻ የሚለው። ለሆድ ትል ኮሶና እንቆቆ አለ። እንዶድንም አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን ቢልሃርዚያ ለመከላከል የተሠራው ምርምር ከዚያ ተነሳ። እንዶዱን ወንዝ ያወረዱት ግን ልብስ አጣቢ ሴቶች ናቸው።

ሐኪሙ፦

ጋሼ፣ የአለቅቱን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ። ግን እርስዎ "ጠብታ" ያሉትን ጎረቤትዎ በጣሳ ቢያደርገውስ? የትምባሆ ኒኮቲን ይመርዛል። እንዶዱም ቀንድ አውጣውን የገደለው መርዝ ስለሆነ ነው፤ ዓሣም ይገድላል። "አንድ እፍኝ" ሲባልስ በማን እጅ? ለጋው ቅጠልና የጠናው አንድ አይደሉም። እኛ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክተን፣ ክብደቷን ገምተን ነው የምንሰጠው።

ሌላው አጋጋቱ ነው። አንዳንዴ የምትመጣልኝ ላም በሽታው ሳይሆን የቢራ ጠርሙሱ የጎዳት ናት። አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና ያደርጋሉ፣ ምላሷን ይጎትታሉ፣ ያንቆረቁሩባታል። ምላሷ ተይዞ እንዴት ትዋጥ? ጭማቂው ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ ማቃሰት ትጀምርና "ግራዋው አልሠራም" ይባላል። ግራዋው ምን አጠፋ?

ከአፍንጫ የሚወርድ ደም ሁሉ ደግሞ አለቅት አይደለም። ትናንት ደህና የነበረ በሬ በድንገት ሞቶ፣ የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣው አባ ሰንጋ ነው ብለው ይጠርጥሩ። እንዲያ ሲሆን በድኑ አይከፈትም፣ ሥጋው አይከፋፈልም፤ ሰው ይፈጃል። ጀርሙ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። መላው ክትባት ነው።

ላም አርቢው፦

በአባ ሰንጋ አልከራከርህም፤ በየዓመቱ አስከትባለሁ። ግን ዶዝ ዶዝ አትበለኝ። ጊቤ ሸለቆ፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው የገንዲ በሽታ መድኃኒቱን የተላመደው በግራዋ ነው እንዴ? በመርፌ ነው! የአንድ በሬ መድኃኒት ለሁለት ሲካፈል፣ ፀሐይ ያገኘው ብልቃጥ ሲሸጥ፣ የናንተው መድኃኒት ነበር።

አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተቷ ለቀናት አይሸጥም ትላላችሁ። ልክ ነው። የሚደፋው ግን ማነው? እኔ አንዴ ደፍቼ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ቀን ተኳረፍን።

ሐኪሙ፦

ይቺን ውጫለሁ። ግን በግማሽ ዶዝ የተበላሸውን ጨርሶ ባልተለካ ነገር አናቃናውም። ገንዲ የያዘው በሬ ቅጠል ሲጋት ይከርምና እኔ ጋ የሚደርሰው ቆዳና አጥንት ሆኖ ነው። ያኔ መርፌውም ያፍራል።

አንድ ልመና አለኝ። ባለቤትዎ ስንት ቅጠል በስንት ውሃ እንደዘፈዘፉ፣ ላሟም ከስንት ጊዜ በኋላ እንዳነጠሰች ይጻፉልኝ። ብዙ አዋቂዎች መድኃኒቱን ለልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ነው የሚያልፉት።

ላም አርቢው፦

እጽፋለሁ። ባለቤቴን ግን አንተው ጠይቃት፤ ለእኔም ሁሉን አትነግረኝም። አንተም እሑድ ስደውል ስልክ አንሳ።